ከቀይ ክር እስከ መለያ ቁጥር፦ የተራራ መውጫ መሣሪያ ፍተሻ ታሪክ

ገደል ለመውጣት የሚያገለግል ገመድ፣ ቀበቶና የብረት ማያያዣ ድካሙ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲንጠለጠልበት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማረም አይቻልም። ስለዚህ መሣሪያው ሰው ሳይሰቀልበት በፊት የሚፈተንበት፣ ካገለገለ በኋላ የሚመረመርበት፣ ጉድለት ሲገኝበትም ከየሱቁና ከየቤቱ ተለቅሞ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ቀስ በቀስ ተበጀ። ሥርዓቱ እዚህ ለመድረስ 150 ዓመት ያህል ወስዷል፤ ብዙው ደንብ የተጻፈውም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገመድ ገደል መውጣት ራሱ ከዚህ ሥርዓት እጅግ ይቀድማል። በትግራይ የሚገኘውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የደብረ ዳሞ ገዳም እስከ ዛሬ የሚወጣው ከጠፍር በተጎነጎነ ገመድ ነው። እዚያ ግን ገመዱን የሚጠብቁትም፣ የሚወጡበትና የሚወርዱበትም፣ እንግዳውን ከላይ ሆነው የሚስቡትም እነዚያው መነኮሳት ናቸው። ገመዱን የሚያውቀውና ነፍሱን ለገመዱ የሚሰጠው አንድ ማኅበር ስለሆነ የሌላ ሰው ማረጋገጫ አላስፈለገም። በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ አዳኞችና እረኞችም ለረጅም ዘመን የኖሩት በዚሁ ዓይነት ነው። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የእንግሊዝ ከተሜዎች ለደስታና ለክብር ሲሉ ተራራ መውጣት ሲጀምሩ ነው። በ1857 ለንደን ላይ አልፓይን ክለብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ገመዳቸውን የሚገዙት ከሱቅ ነበር። ገመድ ሠሪው የሠራው ለመርከብ ይሁን ለዕቃ መጫኛ ወይም ለሰው ሕይወት አያውቅም፤ ገዢውም ከየትኛው ቃጫና እንዴት እንደተፈተለ አይጠይቅም። የፍተሻ ታሪክ የሚጀምረው ሠሪና ተጠቃሚ እንዲህ ከተራራቁ በኋላ ነው።

አልፓይን ክለብ በ1864 ስለ ገመድ፣ ስለ በረዶ መጥረቢያና ስለ ምርኩዝ የሚያጠና ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው አባላት ገበያ ላይ የነበሩትን ገመዶች ሰብስበው የሰው ክብደት የሚያህል ሸክም አሰሩባቸውና ከከፍታ ላይ ለቀቁት። ብዙዎቹ ተበጠሱ። ውጤቱን በማኅበሩ መጽሔት አወጡና ከማኒላ ቃጫ፣ ከጣልያን ቃጫና ከተልባ ጭረት የተሠሩ ሦስት ዓይነት ገመዶችን መረጡ። የተመረጠው ገመድ ከሌላው እንዲለይ በመካከሉ ቀይ የሱፍ ክር እንዲገባ ተደረገ። ገዢው ገመዱን ቢፈታውም ቢቆርጠውም ቀዩን ክር ያገኘዋል። በተራራ መውጣት ታሪክ ሠሪው በማያውቀው ተጠቃሚ ፊት የሰጠው የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በየመሣሪያው ላይ የሚቀረጹት ቁጥሮችና ማኅተሞች ሁሉ ከዚህ ክር የሚወለዱ ናቸው።

የኮሚቴው ሪፖርት ከወጣ አንድ ዓመት ብቻ እንዳለፈ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1865፣ በስዊዘርላንድና በጣልያን ድንበር ላይ ያለው ማተርሆርን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጣ። ከወጡት ሰባት ሰዎች ውስጥ አራቱ ሲመለሱ ሞቱ። የቡድኑ መሪ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ነበር። ቁልቁል ሲወርዱ ከሁሉ ፊት የፈረንሳዩ ሻሞኒ መንገድ መሪ ሚሼል ክሮ፣ ከኋላው ልምድ ያልነበረው ወጣት ዳግላስ ሃዶ፣ ከዚያ ቻርልስ ሃድሰን፣ ከዚያ ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ ተከታትለዋል። ከእነሱ በላይ መንገድ መሪው አባት ፒተር ታውግቫልደር፣ ዊምፐርና የታውግቫልደር ልጅ ነበሩ። ሃዶ ተንሸራቶ ክሮን መታው፤ ሁለቱ ሲወድቁ ሃድሰንንና ዳግላስን ጎትተው ወሰዱ። ገመዱ በዳግላስና በአባት ታውግቫልደር መካከል ተበጠሰ። ሦስቱ ከላይ ቀሩ፤ አራቱ በሰሜኑ ገደል ወረዱ። የዳግላስ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን አደጋ ለፍተሻ ታሪክ ትልቅ የሚያደርገው የመበጠሱ ወሬ አይደለም። ቡድኑ ጥሩ ገመድ ይዞ ነበር። ዊምፐር በኋላ እንደጻፈው ከያዟቸው ሦስት ዓይነት ገመዶች ሁለቱ ጠንካሮች ነበሩ፤ ሦስተኛው አሮጌና ቀጭን ሲሆን የመጣውም በመውረድ ጊዜ ዓለት ላይ ታስሮ እንዲቀር ታስቦ ነበር። የአራቱ ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ በሦስተኛው ገመድ ላይ ነው። በተራራው ግርጌ ባለችው የዜርማት መንደር የተቀመጠው መርማሪ ችሎት አባት ታውግቫልደርን ገመዱን ማን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ጠየቀው፤ በመንደሩም ራሱን ለማዳን ገመዱን ቆርጧል የሚል ሐሜት ተነሣበት። ችሎቱ ነጻ አወጣው፤ ሐሜቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው። የተበጠሰው ገመድ ዛሬ በዜርማት ቤተ መዘክር በመስታወት ውስጥ ይታያል፤ ያየው ሰው ውፍረቱን ሲመለከት ችሎቱ ትክክል መፍረዱን ለመቀበል አይቸገርም። ለንደን ላይ ጥሩ ገመድ ተለይቶ መታወቁ ተራራው ላይ ያለውን ሰው አላዳነውም። የተፈተነውን ካልተፈተነው፣ አዲሱን ከአሮጌው፣ የሰውን ከዕቃው የሚለይ እጅ በቦታው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለ70 ዓመት ያህል ብዙ አልተለወጠም። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ብረት ይደርቃል፣ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጠንቃቃ ሰው የገመዱን ጉንጉን በጣቱ ከፈት እያደረገ ውስጡን ያይ፣ ያሸትም ነበር። ገመዱ ግን አዲስ ሆኖም ቢሆን ከላይ የሚወድቅን ሰው ይይዛል ብሎ የሚተማመን አልነበረም። ስለዚህ ዋናው ደንብ ፊት የሚሄደው ሰው ፈጽሞ እንዳይወድቅ የሚል ነበር። ይህ ደንብ የመሣሪያን ድክመት በሰው ጥንቃቄ የሚሸፍን ነው፤ ሰው ደግሞ ይወድቃል።

ለውጡን ያመጡት ናይለንና ሒሳብ ናቸው። ናይለን በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተገኘ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር ለተራራ ወታደሮቹ የናይለን ገመድ አሠራ። ከቃጫ ይልቅ ጠንካራ ነበር፤ አይበሰብስም፤ ከሁሉም በላይ ግን ይለጠጣል። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ የሴራ ክለብ አባል የነበረው ሪቻርድ ሌናርድ ከጓደኞቹ ጋር በበርክሌይ አለቶች ላይ ሆን ብሎ የመውደቅና የመያዝ ልምምድ ያደርግ ነበር። እሱና በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው አርኖልድ ዌክስለር በ1946 የልምምዱንና የስሌቱን ውጤት በጋራ አሳተሙ፤ ዌክስለር በ1950 ደግሞ ሒሳቡን አስፋፍቶ አቀረበው።

ያገኙት ነገር ለብዙ ተራራ ወጪ እንግዳ ነበር። በገመዱ ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚወስነው የአወዳደቁ ርዝመት ብቻውን አይደለም፤ የአወዳደቁ ርዝመት የወደቀውን ሰው ለሚይዘው ገመድ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ምጥጥን ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ገመድ ተለቆለት አምስት ሜትር የወደቀ ሰው ምጥጥኑ 2 ነው፤ ይህም በተለመደ አወጣጥ ከሚደርሱት ሁሉ የከፋው ነው። ያው ሰው 50 ሜትር ገመድ ተለቆለት አምስት ሜትር ቢወድቅ ምጥጥኑ 0.1 ብቻ ይሆናል፤ ረጅሙ ገመድ ተለጥጦ ኃይሉን ይውጠዋል። ስለዚህ ጥሩ ገመድ ማለት እንደ ብረት የማይንቀሳቀስ ማለት አይደለም። የማይለጠጥ ገመድ ባይበጠስ እንኳ የወደቀውን ሰው አካል ይሰብራል፣ መያዣውንም ከዓለቱ ይነቅላል። ከዚህ ወዲህ ገመድ የሚለካው በስንት ኪሎ ይበጠሳል በሚል ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የወደቀን ሰው እንዴት ይቀበላል የሚለው ጥያቄ በላዩ ተጨመረ።

በ1953 የደቡብ ጀርመኑ ኤደልሪድ ኩባንያ ውስጡ ቀጥ ብለው በሄዱ ክሮች የተሞላ፣ ውጪው ደግሞ በተሸመነ ልባስ የተሸፈነ ገመድ አወጣ። ዛሬ የሚሠራው የተራራ ገመድ ሁሉ ይህን አሠራር የተከተለ ነው። ልባሱ ውስጡን ከዓለት፣ ከአሸዋና ከፀሐይ ይጠብቃል። ነገር ግን ለፍተሻ አዲስ ችግር አመጣ፤ የቃጫውን ጉንጉን ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር፣ የዚህኛውን ልብ ግን ማየት አይቻልም። መርማሪው የሚተማመነው በጣቱ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እያሳለፈ የሳሳ፣ የተጎረበጠ ወይም ከመጠን በላይ የላላ ቦታ ይፈልጋል፤ ገመዱን አጥፎ ሲይዘውም ቀለበት መሥራት ትቶ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ከሆነ በዚያ ቦታ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው።

በ1932 ሻሞኒ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ወጪ ማኅበራት ኅብረት፣ በምሕጻሩ ዩ.አይ.ኤ.ኤ.፣ ከ1960 ጀምሮ ለገመድ የደኅንነት ማኅተም መስጠት ጀመረ። የፈተናውን መሣሪያ የነደፈው የግሬኖብሉ የፊዚክስ መምህር ሞሪስ ዶዴሮ ነው። ፈተናው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ብረት በ2.8 ሜትር ገመድ ይታሰራል፤ ወደ 5 ሜትር ያህል እንዲወድቅ ይለቀቃል፤ ገመዱም እንደ ካራቢነር (በር ያለው የብረት ማያያዣ) ጠርዝ በተሠራ ብረት ላይ ይታጠፋል። ነጠላ ገመድ ይህን አወዳደቅ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሳይበጠስ መቻል አለበት፤ በመጀመሪያው ጊዜ በሚወድቀው ክብደት ላይ የሚያርፈው ኃይልም ከ12 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። በገመድ መሸጫ ላይ የሚነበበው የውድቀት ቁጥር ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ቁጥሩ ገመዱ በዕድሜው ስንት ጊዜ ሰው እንደሚይዝ አይናገርም፤ በየአምስት ደቂቃው በአንዱ ቦታ ላይ የሚደገም፣ በተራራ ላይ ከቶ የማይገጥም ዓይነት ቅጣት ስንት ጊዜ እንደቻለ ብቻ ይናገራል። ፈተናው ከሚመስለው በላይ ጨካኝ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አዲሱ ገመድ ያለው ትርፍ ጉልበት ለእርጅናው ስንቅ እንዲሆነው።

ማኅተም የሚሰጠው ግን ለአዲስ ዕቃ ነው። ያገለገለው መሣሪያ ምን እንደሚሆን በትዕግሥት ያጠናው ጀርመናዊው ፒት ሹበርት ነው። የጀርመን አልፓይን ማኅበር በ1968 ያቋቋመውን የደኅንነት ጥናት ክፍል ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የመራ ሲሆን፣ የተበጠሰ ገመድ በተሰማ ቁጥር ምክንያቱን ያጣራ ነበር። የሹበርት ድምዳሜ ብዙ ሰው የሚፈራውን አስቀረ፣ ያልፈራውንም አስታወቀ። ዘመናዊ ገመድ በቋጠሮው ወይም በካራቢነሩ ላይ ሲታጠፍ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው ስለታም የዓለት ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ነው። ሌላው ገዳይ ደግሞ የመኪና ባትሪ አሲድ ነው። አሲድ የነካው ናይለን መልኩ ሳይለወጥ፣ ክሩም ሳይሳሳ ጉልበቱን ያጣል። ከመኪና ሻንጣ ውስጥ ከባትሪ ጋር ያደረ ገመድ በዓይንም በጣትም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የገመድ ታሪክ፣ ማለትም የት አደረ፣ ማን ያዘው፣ ምን ነካው የሚለው፣ ከምርመራው እኩል ዋጋ አለው። ታሪኩ ያልታወቀ ገመድ እንዳይወጣበት የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

1989 በሁለቱ የአትላንቲክ ዳርቻዎች በተለያየ መንገድ የተጠያቂነት ዓመት ሆነ። በአሜሪካ ኢቮን ሹናርድ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእጁ ብረት እየቀጠቀጠ ያቆመው የተራራ መሣሪያ ኩባንያ በተደራረቡ የካሳ ክሶች ምክንያት ኪሳራ አወጀ። ክሶቹ በአብዛኛው መሣሪያው ተሰበረ የሚሉ አልነበሩም፤ አደጋው አስቀድሞ በጽሑፍ አልተነገረንም የሚሉ ነበሩ። ሠራተኞቹ ንብረቱን ገዝተው ብላክ ዳይመንድ የሚባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ዛሬ ከአንዲት ትንሽ ካራቢነር ጋር በብዙ ቋንቋ የታተመ ረጅም የማስጠንቀቂያ ወረቀት የሚመጣው ከእነዚያ ክሶች ወዲህ ነው። በአውሮፓ ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 21 ቀን ስለ ግል መከላከያ መሣሪያ መመሪያ ወጣ፤ ከከፍታ መውደቅን የሚከላከል ሁሉ ከፍተኛው የአደጋ ምድብ ውስጥ ገባ። ሠሪው ብቻ ስለ ራሱ መመስከሩ ቀረ፤ ሦስተኛ ወገን የሆነ ቤተ ሙከራ ዕቃውን መመርመርና ፋብሪካውን መከታተል ግዴታው ሆነ። ካራቢነር ተዘግቶ በርዝመቱ 20 ኪሎ ኒውተን፣ የወገብ ቀበቶም 15 ኪሎ ኒውተን እንዲችል የሚጠይቁት ደረጃዎች በዚህ ሕግ ጥላ ሥር የወጡ ናቸው። በ2018 መመሪያውን የተካው ጠንከር ያለ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል።

ሕግና ቤተ ሙከራ የማይደርሱበት ቦታ እንዳለ ግን ጥቅምት 23 ቀን 2006 ታየ። በዘመኑ ከታወቁት የዓለት ወጪዎች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ቶድ ስኪነር በዮሰሚቲ ሸለቆ በገመድ ሲወርድ የቀበቶው መካከለኛ ቀለበት ተበጥሶ ሞተ። ቀለበቱ ሲሠራ ጉድለት አልነበረበትም፤ ከብዙ አገልግሎት ተፍቆ አልቆ ነበር። ጓደኛው ማለቁን አስተውሎ ነግሮት፣ እሱም አዲስ ቀበቶ አዝዞ ነበር። ኩባንያ ሊሰበስበው የሚችል የተበላሸ ምርት አልነበረም፤ ቀበቶው መጣል የነበረበት በባለቤቱ እጅ ነበር። ከእሱ ሞት በኋላ በዓለም ዙሪያ ቀለበታቸውን ፈትሸው አሮጌ ቀበቶ የጣሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው ነው።

በአሜሪካ ምርትን ከገበያ መሰብሰብን የሚቆጣጠረው በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የተጠቃሚዎች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ነው፤ ሠሪው አደገኛ ጉድለት መኖሩን ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ይገደዳል። የተራራ መሣሪያ በዚህ መንገድ እየተሰበሰበ መምጣቱ በተለይ ከ2011 ወዲህ ጎልቶ ታይቷል። በዚያ ዓመት የፈረንሳዩ ፔትዝል ኩባንያ ሁለት ምርቶቹን ሰበሰበ። አንዱ በብረት ገመድ የተዘረጋ የተራራ መንገድ ለሚወጡ ሰዎች የሚያገለግል ማሰሪያ ሲሆን ከአንዳንዶቹ ላይ የደኅንነት ስፌቱ ጭራሽ ጎድሎ ተገኝቷል። ሌላው ግሪግሪ 2 የተባለው ገመድ መያዣ ነው፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ በኃይል ከተጫኑት ውስጡ ተጣብቆ ሊቀር፣ ገመዱንም ሊለቅ ይችል ነበር። የተሰበሰቡት መለያ ቁጥራቸው በ10326 እና በ11136 መካከል የሚጀምር ናቸው። ቁጥሩ ምስጢር የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ የዓመቱን ቀን ይናገራሉ። ከ2010 ዓመት 326ኛ ቀን እስከ 2011 ዓመት 136ኛ ቀን የተሠራው ሁሉ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው አልተነካም። ቁጥሩ ባይኖር ወይ ሁሉንም መጣል፣ ወይ ሁሉንም ማመን ግድ ይሆን ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2012 በጋ፣ በኦስትሪያ ቲሮል በብረት ገመድ በተዘረጋ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው የማሰሪያው ሁለት ክንዶች በአንድ ጊዜ ተበጥሰውበት ሞተ። ይህ ከስፌት ጉድለት የተለየ ነው። ማሰሪያው ሲሸጥ ደረጃውን ያለፈ ነበር። ክንዶቹ ወደ ኋላ እንዲሰበሰቡ ውስጣቸው የገባው ላስቲክ በተደጋጋሚ በተለጠጠ ቁጥር ክሮቹን እያፋተገ አዳከማቸው። ደረጃው አዲሱን ዕቃ ይፈትን ነበር እንጂ ሺህ ጊዜ የተለጠጠውን አይፈትንም ነበር። ብዙ ሠሪዎች ምርታቸውን ጠሩ፤ በ2013 ደግሞ የውድቀትን ኃይል በሚያለዝብ ሌላ ዓይነት ብሬክ የሚሠሩ ማሰሪያዎችም እንዲመለሱ ተደረገ። በጉዳዩ ላይ የተሠራው ደረጃ በ2017 ታድሶ ከ40 እስከ 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁሉ በደኅና እንዲያዝ ይጠይቃል፤ ቀድሞ ቀላል ሰው፣ ልጆችም ጭምር፣ ብሬኩ ሳይሠራላቸው ሙሉ ኃይሉን ሊቀበሉ ይችሉ ነበር። ይህ ታሪክ የፍተሻ ደንብ ሁሉ ትናንት የታወቀውን አደጋ ብቻ እንደሚጠብቅ ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ያሳያል።

በ2016 የብላክ ዳይመንድ ጥሪ ደግሞ ፍተሻው በማን እጅ እንዳለ በግልጽ አስታወቀ። ኩባንያው ካራቢነሮችን፣ የናይለን ማሰሪያዎችን፣ ከዚያም በዓለት ስንጥቅ የሚገቡ መያዣዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን በተከታታይ ጠራ። ከካራቢነሮቹ መካከል የበሩ ማያያዣ ምስማር በደንብ ሳይመታ የቀረባቸው ነበሩ። ከማሰሪያዎቹ መካከል ደግሞ ሁለት የናይለን ጥቅሎች በፋብሪካ ሲገናኙ ለጊዜው የተለጠፈው ፕላስተር እንዳለ ወደ ዕቃው የገባባቸው ተገኙ። ማሰሪያው የተያያዘው በስፌት ሳይሆን በፕላስተር ነበር። በዓይን ለሚያየው ያስታውቃል፤ ፋብሪካውን፣ ማሸጊያውንና ሱቁን ግን አልፏል። ኩባንያው ደንበኞቹ ቤታቸው ሆነው እያንዳንዱን ዕቃ በሥዕላዊ መመሪያ እንዲመረምሩ ጠየቀ። ይህም ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ተራራ ወጪዎች በዚያ ጊዜ የፋብሪካው የመጨረሻ መርማሪ ሆኑ።

የጥሪ ሥርዓት የሚደርሰው አድራሻው ለሚታወቅ ገዢ ነው። ከጓደኛ የተሰጠ፣ ከገበያ በሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ዕቃ ጥሪው ላይሰማበት ይችላል። በከፍታ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች መሣሪያ በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ቢያንስ በየ12 ወሩ ብቁ በሆነ ሰው መመርመርና መዝገብ ሊያዝለት ይገባል፤ ለደስታ የሚወጡት ግን ይህን የሚያዝዛቸው የለም። አብዛኞቹ ሠሪዎች ከጨርቅና ከክር የተሠራ መሣሪያ ጥቅም ላይ ባይውል እንኳ ከተሠራበት ቀን አሥር ዓመት በኋላ እንዲወገድ ይጽፋሉ፤ ከባድ ውድቀት የያዘ፣ አሲድ ወይም ስለታም ጠርዝ የነካው ግን ወዲያውኑ ይወገዳል። ማንኛውም ሰው ቀበቶ ወይም ገመድ ሲገዛም ሲቀበልም መለያ ቁጥሩን አንብቦ ከሠሪው የጥሪ ዝርዝር ጋር ያመሳክር፣ የተሠራበትን ዓመትም ጽፎ ይያዝ። ቁጥሩ በጠፋበትና ታሪኩ በማይታወቅ ዕቃ አይውጣ፤ ከመጣሉ በፊትም ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ይቆራርጠው።